«ለራስህ ጨው ጨምር»፦ ስለ አንድ ብርቅ የቼክ የቤተሰብ ስም

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ከተገለበጠ በኋላ ተናጋሪው መጠነኛ እርማት አድርገውበታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



አብዛኞቻችሁ ቢያንስ አንድ የቼክ የቤተሰብ ስም ሳታውቁ አትቀሩም። «የሀበሻ ጀብዱ»ን ያነበበ ሰው ሁሉ አዶልፍ ፓርለሳክን ያውቃል፤ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ በሰሜኑ ግንባር ከራስ ካሣ ጦር ጋር በአማካሪነት የዘመተውን፣ ትዝታውንም በ1948 በአገሩ ቋንቋ ያሳተመውን ቼካዊ። ተጫነ ጆብሬ መኮንን መጽሐፉን ወደ አማርኛ ከመለሱልን ወዲህ ደራሲው ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፍል ውስጥ ስለዚሁ መጽሐፍ ስንወያይ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ፓርለሳክ የአባቱ ስም ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ነው ብዬ መለስኩለት። ቀጥሎም «ታዲያ የአያቱስ?» አለኝ። እሱም ፓርለሳክ ነው አልኩት። የቅድመ አያቱም እንዲሁ። ተማሪው ጥቂት አሰብ አድርጎ «እንግዲያው የመጀመሪያው ፓርለሳክ የማን ልጅ ነበር?» አለ።

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኛ በአባት ስም የምንጠራ ሕዝቦች ነን፤ ስማችን በየትውልዱ አንድ ደረጃ ወደፊት ይራመዳል፣ ከኋላው ያለው ደግሞ ይረሳል። የቤተሰብ ስም ግን አንድ ቦታ ላይ የቆመ ስም ነው። የቆመ ነገር ሁሉ የቆመበት ቀንና ያቆመው ሰው አለው። ለዛሬ ምሽት ይህን ጥያቄ የምከታተለው በሌላ ስም ላይ ነው፤ ከፓርለሳክ ይልቅ ገላጣ በሆነ፣ ቼኮች ራሳቸው ሲሰሙት ፈገግ በሚሉበት ስም። ስሙ ኦሶልሶብዬ ይባላል።

ብርቅ ስም ነው። በቼክ ሪፐብሊክ ኖቫክና ኖቫኮቫ የሚባሉት በአስር ሺዎች ሲቆጠሩ ኦሶልሶብዬ የሚባሉት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። ከአገሩ ውጭ በምሁራን ዘንድ የሚታወቀው በአንድ ሰው ነው፤ በኢቮ ኦሶልሶብዬ። እኚህ ሰው በ1928 ብርኖ ውስጥ ተወልደው በ2012 ያረፉ የቴአትር ተንታኝና የምልክት ሳይንስ ሊቅ ነበሩ፤ በብርኖ የሙዚቃ ቴአትር ለረጅም ጊዜ በድራማተርግነት ያገለገሉ፣ ስለሚናገር፣ ስለሚዘፍንና ስለሚደንስ ቴአትር በ1974 ትልቅ መጽሐፍ የጻፉ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት ሰዎች አንድን ነገር በቃል ከመግለጽ ይልቅ ነገሩን ራሱን ሲያሳዩ የሚፈጠረውን ትርጉም ነበር። የእሳቸው የራሳቸው ስም ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አጋጣሚው ያስደስተኛል፤ ከዚያ በላይ ግን ልጫነው አልፈልግም።

ስሙን እንፍታው። «ኦሶል» ትእዛዝ ነው፤ በውስጡ «ሶል» የሚለው የጨው ሥር አለ፣ «ኦ» ደግሞ ድርጊቱ ተጀምሮ እንደሚያልቅ የሚያመለክት መነሻ ቅጥያ ነው። ትርጉሙም «ጨው ጨምርበት» ይሆናል። «ሶብዬ» ማለት «ለራስህ» ነው። በአንድነት «ለራስህ ጨው ጨምር» ማለት ነው። አንድ ሰው ለሌላው፣ ምናልባትም በማዕድ ዙሪያ፣ የተናገረው ዓረፍተ ነገር የአንድ ቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ስም ብቻውን የቆመ አይደለም። የቼክ ቋንቋ እንዲህ ያሉ የዓረፍተ ነገር ስሞችን በብዛት ይዟል። ኔዬስኽሌባ «ዳቦ አትብላ» ነው። ስኮችዶፖሌ «ወደ ማሳው ዝለል» ነው። ቪታምቫስ «እንኳን ደህና መጣችሁ እላለሁ» እንደማለት ነው። ድራሆኮውፒል «በውድ ገዛ» ሲሆን፣ የታወቀው ባለቅኔ የቪትዬዝስላቭ ኔዝቫል ስም ደግሞ «አልጋበዘም» የሚል ኃላፊ ግሥ ነው። በተለይ በምሥራቁ ክፍል፣ በሞራቪያ፣ ከኃላፊ ግሥ የተሠሩ ስሞች እጅግ የተለመዱ ናቸው፦ ናቭራቲል «ተመለሰ»፣ ፖስፒሺል «ቸኮለ»፣ ቪስኮቺል «ዘሎ ወጣ»። የሞራቪያን የስልክ ማውጫ የገለጠ ሰው የነዋሪዎችን ስም ሳይሆን የአንድ መንደር የውሎ ዜና የሚያነብ ይመስለዋል። ጆሴፍ ቤኔሽ በ1962 ስለ ቼክ የቤተሰብ ስሞች ባሳተሙት መሠረታዊ ጥናት እነዚህን ወገኖች ለይተው አስቀምጠዋል፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣ ተመራማሪ ሁሉ በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የዓረፍተ ነገር ስም እንግዳ መሆን አይገባውም። ጥላሁን «ጥላ ሁን» ነው፤ ጌታሁን «ጌታ ሁን» ነው፤ ግዛው፣ በለው፣ ማንደፍሮ፣ አንተነህ ሁሉም ግሥ ወይም ሙሉ ዐረፍተ ሐሳብ ይዘዋል። ስንጠራቸው ግን ትእዛዙ አይሰማንም። ጥላሁን የሚባል ጓደኛችሁን ስትጠሩ ጥላ እንዲሆናችሁ እያዘዛችሁት አይደለም። ቼኮችም እንዲሁ ናቸው፤ ከኔዬስኽሌባ ቤት ሄዶ ዳቦ የሚከለክለው የለም።

ነገር ግን ልዩነቱ ከተመሳሳይነቱ ይልቅ ትምህርት አለው። በእኛ ስም ውስጥ ያለው ትእዛዝ ከወላጅ ወደ ሕፃን የሚሄድ ነው፤ ምርቃት፣ ምኞት፣ አንዳንድ ጊዜም ለጠላት የተላከ መልእክት ነው። ሕፃኑ ገና ምንም አላደረገም። በቼኩ ስም ውስጥ ያለው ትእዛዝ ግን አቅጣጫው ሌላ ነው። ስሙን ያወጡት ጎረቤቶች ናቸው፤ የተሰየመውም የታወቀ ጠባይ ያለው ጎልማሳ ነው። ስለዚህ «ለራስህ ጨው ጨምር» ምኞት ሊሆን አይችልም። ወይ ሰውየው ራሱ ዘወትር የሚናገረው አነጋገር ነበር፣ ወይ ሰዎች እሱን ለመንካት የሚሉት ነገር ነበር። ማለትም ስሙ ጥቅስ ነው፤ አንድ ጊዜ የተነገረ ቃል በሌሎች አፍ የተደገመበት ጥቅስ። በእኛ አገር የዚህ ትክክለኛ ወንድም የክርስትና ስም ወይም የመዝገብ ስም ሳይሆን የሰፈር ቅጽል ነው። አሁን ደግሞ የሰፈራችሁን አስቂኝ ቅጽል ስም አስቡና፣ አንድ ቀን የመንግሥት ጸሐፊ መጥቶ በመዝገብ ላይ አስፍሮት ለልጅ ልጆቻችሁ ሁሉ ሕጋዊ ስም ሲሆን ይታያችሁ። የሆነው ይኸው ነው።

በስሙ ውስጥ ያለው ሰዋስው ጥቂት ያስቆመናል። ዛሬ አንድ ቼካዊ ለወዳጁ ጨው ጨምር ለማለት ቢፈልግ አጭሩን ተውላጠ ስም «ሲ» ይጠቀማል እንጂ ረጅሙን «ሶብዬ» አይልም። ረጅሙ ቅርጽ በዛሬው ቋንቋ አጽንዖት ያለበት ነው፦ «ለራስህ፣ ለሌላ ሰው ሳይሆን»። በቀድሞው ቼክኛ ግን ረጅሙ ያለ አጽንዖትም በሰፊው ያገለግል ነበር። እንግዲህ ስሙን በዛሬ ጆሮ የሚሰማ ሰው ስለ አንድ ስስታም ወይም ኩሩ ገበሬ ተረት ለመፍጠር ይቸኩላል፤ በድሮው ጆሮ የሚሰማው ግን ተራ የማዕድ ንግግር ያገኛል። በኔዬስኽሌባም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። «ኽሌባ» የአገናዛቢ ሙያ ቅርጽ ነው፤ በቀድሞው ቋንቋ አሉታዊ ግሥ ተሳቢውን በዚህ ሙያ ይይዝ ነበርና አንዳንዶች ይህን የስሙ ጥንታዊነት ማስረጃ ያደርጉታል። እኔ ግን አልስማማም። «ኽሌባ» እስከ ዛሬ በተራው ሰው ንግግር «ዳቦ» ለማለት ሕያው ቃል ስለሆነ፣ ብቻውን ዘመን ሊቆጥርልን አይችልም።

ከዚህ ይልቅ ድምፁ ይበልጥ ይነግረናል። ቼክኛ ሁልጊዜ የቃሉን የመጀመሪያ ክፍለ ቃል ያጠብቃል። «ኦሶል ሶብዬ» ዓረፍተ ነገር በነበረበት ጊዜ እያንዳንዱ ቃል የራሱ ምት ሊኖረው ይችል ነበር፤ ስም ከሆነ በኋላ ግን ምቱ አንድ ብቻ፣ እሱም በ«ኦ» ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ቃል መሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው። ጽሑፉም ይህንኑ ተከትሎ አንድ ላይ ተጋጠመ። ሌላም ምልክት አለ። የቼክ ሴቶች የቤተሰብ ስም እንደ ልማዱ «ኦቫ» በሚል ቅጥያ ያበቃል፤ የኖቫክ ልጅ ኖቫኮቫ ትባላለች። የኦሶልሶብዬ ልጅ ግን እንደ ወንድሟ ኦሶልሶብዬ ናት። በተውላጠ ስም የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር ቅጥያውን አልቀበልም ብሏል ማለት ነው። ቃል ሆኗል፣ ግን እንደ ሌሎቹ ቃላት ሙሉ በሙሉ አልተገራም።

ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። ስሙ መቼ ቆመ?

የቼክ ቋንቋ የቤተሰብ ስምን «ፕርዢይሜኒ» ይለዋል፤ በውስጡ «ይሜኖ»፣ ማለትም «ስም» የሚለው ቃል፣ ከ«አጠገብ» ቅጥያ ጋር ይገኛል። ከስም አጠገብ የቆመ ስም እንደማለት ነው። ለብዙ ዘመናት እውነተኛው ስም የጥምቀት ስም ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሰውን ከሰው መለያ ብቻ ነበር። የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 የካቶሊክ ደብሮች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ካዘዘ በኋላ ግን በየመንደሩ ያሉት ብዙ ያኖች በቀለም መለየት ነበረባቸው። ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ፦ ሙያውን፣ የመጣበትን ቦታ፣ የአባቱን ስም፣ ወይም ቅጽሉን። ቅጽሉም ገና አልጸናም ነበር።

እዚህ ላይ በቦሄሚያና በሞራቪያ የነበረ፣ የዘር ሐረግ ቆጣሪን ሁሉ የሚያስለቅስ ልማድ አለ። ሰው በሚያርሰው መሬትና በሚኖርበት ቤት ይጠራ ነበር። አንድ ገበሬ የሌላውን ይዞታ ቢገዛ፣ ወይም ባሏ የሞተባትን ሴት አግብቶ ወደ ቤቷ ቢገባ፣ የቤቱ ስም የእሱ ስም ይሆናል። ሁለት የአንድ እናት ልጆች በሁለት ቤት ስለ ገቡ በሁለት ስም ሊቀበሩ ይችላሉ። ዘር የሌላቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ አንዱ ከሌላው በኋላ በአንድ ቤት ስለኖሩ ብቻ አንድ ስም ይጋራሉ። በመዝገቦቹ ላይ ይህን የሚያመለክት አንድ ትንሽ ቃል አለ፦ «ይናክ»፣ ማለትም «በሌላ አጠራር»። «ያን ኖቫክ፣ ይናክ ኮቫርዥ» ይላል መዝገቡ፤ ኮቫርዥ አንጥረኛ ነው። በአንዲት ቃል ላይ የአንድ ቤተሰብ መለወጥ ተንጠልጥሎ ይገኛል። እኔ በበኩሌ በምሁራን የስም መጻሕፍት ውስጥ ካሉት ረጃጅም ማብራሪያዎች ይልቅ ይህችን ቃል እወዳታለሁ።

ከ1618 እስከ 1648 የዘለቀው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ብዙ ይዞታዎችን ባዶ አደረገ። ከጦርነቱ በኋላ በ1654 የተጠናቀረው የቦሄሚያ የግብር መዝገብ ገጾች የፈረሱና ያልታረሱ እርሻዎችን ይቆጥራሉ። በእነዚያ እርሻዎች ላይ አዲስ ሰዎች ሲሰፍሩ በየመንደሩ «አዲሱ ሰው»፣ ኖቫክ፣ ወይም ኖቮትኒ ይባሉ ነበር። የእነዚህ ስሞች ብዛት ምክንያቱ ይህ ዓይነቱ ነገር ነው። ኖቫክ ከአንድ አባት የወጣ ነገድ አይደለም፤ እርስ በርስ በማይተዋወቁ በመቶዎች በሚቆጠሩ መንደሮች ለየብቻው የተወለደ ስም ነው። መሬቱን በነጻነት ይይዝ የነበረ ገበሬ ስቮቦዳ፣ «ነጻነት»፣ ተባለ፤ በደጋ ከሚገኝ መንደር የመጣ ሆራክ ተባለ። እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አለ። «ለራስህ ጨው ጨምር» የሚለው አነጋገር ተደጋግሞ የተነገረለት ሰው ግን በየአገሩ አይገኝም። የብርቅነቱ የመጀመሪያ ምክንያት ስሙ ሲወለድ ምንጩ አንድ፣ ቢበዛ ጥቂት መሆኑ ነው።

ማቆሙን የጨረሰው መንግሥት ነው። የሐብስቡርግ ባለሥልጣናት ለወታደር ምልመላ በ1770 ቤቶችን በቁጥር መለየት ጀመሩ። ዮሴፍ ዳግማዊ በ1781 ገበሬውን ከግል ጭሰኝነት ሲያወጣ ገበሬው ከመንደሩ መውጣት ቻለ፤ የሚንቀሳቀስን ሰው ደግሞ በቤቱ ስም መጥራት አይቻልም። በ1784 የደብር መዝገቦች የመንግሥት ሰነዶች ሆኑ፤ በዚያው አሥርተ ዓመት የቤተሰብ ስም ጸንቶ ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ሆነ። በ1787 ደግሞ አይሁድ የጸና የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የሚያስገድደው ትእዛዝ ወጣ። እንግዲህ በዚያን ዓመት አንድ ቤተሰብ የነበረው ቅጽል ምንም ይሁን ምን፣ የሚያኮራም ቢሆን የሚያሳፍርም ቢሆን፣ በዚያው ቀረ። የኦሶልሶብዬ ቤተሰብ «ጨው» ብሎ የተናገረውን ሰው ባያስታውስም ስሙን ማስወጣት አልቻለም።

ሁለተኛው የብርቅነት ምክንያት ዕድል ነው፤ ይህንንም በቁጥር ማሳየት ይቻላል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1873 በአንድ የትምህርት መጽሔት ላይ ጥያቄ አቀረበ። በዘመኑ የታላላቅ ሰዎች ስሞች እየጠፉ መሆናቸው ይወራ ነበር፤ ምክንያቱም የዘራቸው መዳከም ነው ይባል ነበር። ጋልተን ግን ስም በተራ ዕድል ብቻ ሊጠፋ አይችልምን ብሎ ጠየቀ። ቄስና የሒሳብ ሊቅ የነበረው ሄንሪ ዋትሰን መልሱን ሠራ፤ በ1874 አብረው አሳተሙት። ዋትሰን ስም ሁሉ ውሎ አድሮ ይጠፋል ብሎ መደምደሙ ስሕተት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ወንድ በአማካይ ከ1 በላይ ወንድ ልጅ ካለ የመትረፍ ዕድል አለ። መንገዱ ግን ትክክል ነበር።

በዚሁ መንገድ ትንሽ ስሌት ሠርቻለሁ። አንድ ስም በአንድ ሰው ይጀምር እንበል። እያንዳንዱ ወንድ በአማካይ 1 ወንድ ልጅ ይውለድ፤ አንዱ ምንም፣ አንዱ ሦስት፣ እንደ ተራ ዕድል። የመጀመሪያው ትውልድ ሲያልቅ ስሙ የመጥፋቱ ዕድል 37 በመቶ ነው። በሁለተኛው 53፣ በሦስተኛው 63 በመቶ ይደርሳል። ከ1780ዎቹ ወዲህ ስምንት ያህል ትውልድ አልፏል፤ በስምንተኛው ላይ ዕድሉ 81 በመቶ ይሆናል። ከአምስት ስሞች አራቱ ማንም ሳይነካቸው፣ ያለ ጦርነትና ያለ ወረርሽኝ፣ በዝምታ ያልፋሉ ማለት ነው። የተረፉትስ? በስሌቱ መሠረት ከተረፉት ስሞች እያንዳንዱን የሚይዙት ወንዶች በአማካይ አምስት ያህል ብቻ ናቸው። በርግጥ የቼክ ምድር ሕዝብ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አድጓልና እውነተኛው ዕድል ከዚህ የተሻለ ነበር። ነገር ግን ቅርጹ አይለወጥም። በአንድ ሰው የጀመረ ስም ዛሬ ካለ፣ ጥቂት ሰዎች ዘንድ መገኘቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። ብርቅነቱ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ብርቅ ስም ያለው ቤተሰብ ዘንድ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ ታሪክ ታገኛላችሁ፦ ቅድመ አያታችን ከሩቅ አገር የመጣ ባላባት ነበር፤ ንጉሥ በማዕድ ላይ ተናግሮት ስም ሆነለት። ስሙ ጥቂት ስለሆነ ክቡር መሆን አለበት የሚል ስሜት አለ። ለባላባትነቱ ግን ስሙ ራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ «ጨው ጨምር» የሚለው የገበሬ ማዕድ ቋንቋ ነው። ተማሪዎቼን የምመክረው ከዛሬ ተነሥተው ወደ ኋላ እንዲሄዱ ነው፤ ከልጅ ወደ አባት፣ ከመዝገብ ወደ መዝገብ፣ «ይናክ» የምትለዋን ቃል እስኪያገኙ። ከተረቱ ተነሥቶ ወደፊት የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ የፈለገውን ያገኛል። በመንገዱ ላይም የአጻጻፍ እንቅፋት አለ። መዝገቦቹ አንዳንዴ በላቲን፣ አንዳንዴ በቼክኛ፣ አንዳንዴ በጀርመንኛ ተጽፈዋል፤ ጀርመንኛ የሚጽፍ ጸሐፊ የቼክን ድምፆች በራሱ ፊደላት ሲያስር አንዱ ስም ሦስት መልክ ያወጣል። ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ የሄደው ደግሞ በፊደሎቹ አናት ላይ ያሉትን ምልክቶች ጥሎ ሄዷል። አንድን ስም ብርቅ ነው ከማለታችን በፊት የተበታተኑ መልኮቹን መሰብሰብ ይገባል።

ሁሉም መጥፋት ግን የዕድል ሥራ አይደለም፤ ስሌቱን ያሳየሁት ይህን ለመሸፈን እንዳይመስላችሁ። በፕራግ በፒንካስ ምኩራብ ግድግዳዎች ላይ በናዚዎች የተገደሉ ወደ 80,000 የሚጠጉ የቦሄሚያና የሞራቪያ አይሁድ ስሞች በእጅ ተጽፈዋል። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ በ1787 ትእዛዝ የጸኑ የቤተሰብ ስሞች ናቸው። ስማቸውን እንዲይዙ ያስገደዳቸው መዝገብ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የሚታደኑበት መዝገብ ሆነ። በዚያ ግድግዳ ላይ ያለ ስም ዛሬ በስልክ ማውጫ ውስጥ ካልተገኘ የጋልተንን ቀመር ማንሣት ነውር ነው። ከ1945 በኋላ ደግሞ ሦስት ሚሊዮን ያህል ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከአገሩ ሲባረሩ፣ የድንበር ወረዳዎች የስም ካርታ በሁለት ዓመት ውስጥ ተለወጠ። የብርቅነት አጥኚ ቁጥር ከመቁጠሩ በፊት የትኛው መጥፋት ከየትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

በሰላም ጊዜም ስም በፈቃድ ይጣላል። በ2000 የወጣው 301ኛው የቼክ ሕግ የሚያዋርድ ወይም የሚያስቅ ስም ያለው ሰው እንዲለውጥ ይፈቅድለታል። የዓረፍተ ነገር ስሞች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ሲጠራ ክፍሉ ሁሉ የሚስቅበት ልጅ ሲያድግ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። ሕጉን የሚጠቀምበትን ሰው አልወቅስም። ስሙን የያዘው ሰው እንጂ እኛ የስም አጥኚዎች አይደለንም በየቀኑ የምንሸከመው። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ሴቶች ያለ ምክንያት ማቅረብ «ኦቫ»ን ትተው የወንዱን ቅርጽ መያዝ ይችላሉ። በዚህ ረገድ የኦሶልሶብዬ ሴቶች ከሕጉ ቀድመዋል።

ከመጨረሴ በፊት ወደ ራሳችን አንድ ነገር ልመለስ፤ ለጥያቄ ጊዜ መተው እንዳለብኝ አውቃለሁ። አባቱ ጌታሁን የሚባል አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ስቶክሆልም ይሄዳል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቀዋል፤ ጌታሁን ብሎ ይሞላል። እዚያ የተወለደችው ልጁም ጌታሁን ተብላ ትመዘገባለች፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ጌታሁን አያቷ ነው። የእሷ ልጅ በዚያው ስም ከተጠራ፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ «ጌታ ሁን» ብለው ለአንድ ሕፃን የመረቁ ወላጆች ቃል የሰዎች ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ይቆማል፤ ከእነዚያም ሰዎች አንዱ ቃሉ ትእዛዝ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። በ1780ዎቹ በሞራቪያ መንደሮች የተደረገው ነገር በእኛ ዘመን፣ በእኛ ቤተሰቦች ላይ፣ በአንድ የቅጽ ሣጥን ውስጥ እየተደረገ ነው። የትኛው ስም እንደሚቆም የሚወስነው ደግሞ ቅጹን በዚያን ዕለት የሞላው ሰው ነው፤ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል፣ አንዳንዴ ሁለት ወንድማማቾች በሁለት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ይቀራሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉና ለምን እንደዚያ እንደ ጻፉ ሊነግሩን በሚችሉበት ጊዜ ሄዶ ይጠይቃቸው። የመጀመሪያውን ኦሶልሶብዬ ማንም አልጠየቀውም።

 አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።